የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ጻፉ

የሥራ ማመልከቻ ልካችሁ ሲቪው እንዳልተያያዘ ያወቃችሁት ከተላከ በኋላ ነው? ወይም ግማሽ የተጻፈ ኢሜይል አምልጧችሁ ሄዷል? ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ፋይሉን አያይዙ፣ ቀጥሎ ርዕሱን («ማመልከቻ፦ የሒሳብ ሠራተኛ» ዓይነት፣ «ሰላም» ብቻ አይበቃም)፣ ከዚያ መልእክቱን ጻፉ። አንዴ አንብባችሁ ስትጨርሱ ብቻ አድራሻውን አስገቡ። ተቀባይ የሌለው ኢሜይል የመላኪያ ቁልፉን ብትነኩትም አይሄድም፤ ረቂቅ ሆኖ ይቀመጣል።

ለመጣ ኢሜይል መልስ ስትሰጡ ግን አድራሻው ራሱ ስለሚሞላ ዘዴው አይሠራም፤ ወይ አጥፍታችሁ ኋላ መልሱት፣ ወይ ጂሜይል ላይ መላኩን የመሰረዣውን ጊዜ አስረዝሙት። ኮምፒውተር ላይ ባለ ጥርስ ጎማ የምትመስለውን ምልክት ተጫኑ፣ ሙሉውን ቅንብር ክፈቱ፣ «Undo Send» (መላክን መሰረዝ) የሚለውን ከ5 ወደ 30 ሰከንድ ቀይሩ፤ ከዚያ ገጹ ግርጌ ወርዳችሁ «Save Changes» የሚለውን ማስቀመጫ ተጫኑ (ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ነው)። ጂሜይል ለ30 ሰከንድ ይዞት ይቆያል እንጂ የሄደን አይመልስም፤ ጊዜው ካለፈ አለቀ።

ጂሜይል ላይ ፋይሉ ከ25 ሜጋባይት ከበለጠ ደግሞ በአባሪ ፈንታ የጉግል ድራይቭ (የጉግል የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ) ሊንክ ሆኖ ነው የሚሄደው። ተቀባዩ እንዲከፍተው መፈቀዱን እዩ።