መጤ ዝርያ አካባቢውን እየጎዳ መሆኑን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

እንግዳ አረም ወይም እንግዳ ዓሣ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው በመጣው ላይ ነው። ጉዳቱን የሚናገረው ግን የጎደለው ነው፤ ድሮ ነበረ፣ አሁን የለም። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ጎዶሎ መፈለግ ነው። ማስታወሻ ደብተር፣ ሜትር፣ ገመድ፣ ችካሎችና ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ ዝርያውን በትክክል ለዩት። ቅጠሉን ከላይም ከታችም፣ አበባውን፣ ፍሬውንና ግንዱን ለየብቻ ፎቶ አንሡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ። የስልክ መተግበሪያ የሚሰጣችሁን ስም እንደ ፍንጭ ብቻ ያዙት፣ ባለሙያ ይየው። ነባሩን ተክል ወራሪ ነው ብሎ የሚነቅል ብዙ ነው። ደግሞም መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም። በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ዓለምን ቢያዳርስም፣ ገበሬ ካልዘራው ጫካ ገብቶ ማንንም አያፈናቅልም። ወራሪ የሚባለው ማንም ሳይረዳው የሚስፋፋና የሚጎዳው ነው።

ቀጥሎ ሁለት ቦታ ምረጡ፦ አፈራቸው፣ ተዳፋታቸውና እርጥበታቸው የሚመሳሰል፣ አንዱን መጤው የያዘው፣ ሌላው ገና ያልደረሰበት። በየቦታው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ አሥር አሥር ካሬዎች በችካልና በገመድ ከልሉ። ካሬው የት እንደሚያርፍ በዕጣ ወስኑ፤ ለዓይን ከተተወ ሁልጊዜ ወደተጨናነቀው ይሄዳል። በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት ችግኝ እንዳለ ቁጠሩ። ትልቁ ዛፍ ስለቆመ ደህና ነው አትበሉ። ከሥሩ አንድም የራሱ ችግኝ ካጣችሁ ያ ዛፍ ተተኪ የለውም፤ ጫካው የቆመ ቢመስልም እያረጀ ነው።

አሁን ጉዳቱ በምን በኩል እንደሚመጣ ጠይቁ። እምቦጭን ብንወስድ፣ አንዱን ከውሃ አንሥታችሁ እብጥ ያለውን የቅጠሉን አንገት በቢላ ቁረጡት። ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ ነው፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ጨለማ ነው። ብርሃን ስለማይደርስ ውስጥ ያሉት ዕፅዋት ይሞታሉ፤ የበሰበሰው ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይሸሻል ወይም ይሞታል።

ሁሉም ግን እንዲህ በግልጽ አይታይም። ዜብራ መስል የምትባለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ እንስሳ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ፣ መርከቦች ለሚዛን በሚይዙት ውሃ ሳትመጣ አልቀረችም፤ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። አንዷ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ታጣራለች። ሐይቁ ጠራ፣ ሰውም ጸዳ አለ። የጠፋው ግን የዓሣ ጫጩት የሚመገባቸው ደቃቅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ነበሩ። የጠራ ውሃ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ በጣም የሚገርመኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ማን ማንን ይበላ እንደነበር ጻፉና ሰንሰለቱን ተከተሉ። ቡናማ የዛፍ እባብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጭነት ተደብቆ ጉዋም ደሴት ገባ። ከ12 ነባር የጫካ ወፎች 10ሩ ከጫካው ጠፉ። ጉዳቱ በወፎቹ አላበቃም፦ ወፎቹ ይበሉት የነበረው ሸረሪት በዛ፣ ወፍ ይበትነው የነበረው ፍሬም እናት ዛፉ ሥር ወድቆ ቀረ። ስለዚህ የበዛውንም መዝግቡ፤ ያለ ምክንያት የበዛ ነገር ካለ ጠላቱ የት ሄደ በሉ።

ቆጠራውን በዝናብም በደረቅም ወቅት፣ በዚያው ካሬ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ድገሙት። የአንድ ወቅት ቁጥር ድርቅ ያመጣውን ለመጤው ሊያሸክም ይችላል።

ጉዳቱ ከተረጋገጠም ወዲያው መጥረጊያ አታንሡ። ማኳሪ በተባለችው የአውስትራሊያ ደሴት የባሕር ወፎችን የሚጨርሱት ድመቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ተወግደው አለቁ። ድመቶቹ ይበሉት የነበረውም ጥንቸል መጤ ነበር፤ በዝቶ ተዳፋቱን ላጨው። ለመብዛቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፣ የድመቶቹ መጥፋት ግን አንዱ ነው። በኋላ ጥንቸል፣ አይጥና ትንሿን አይጥ አንድ ላይ ማጥፋት ግድ ሆነና ደሴቲቱ ነጻ መባሏ በ2014 ታወጀ። አንዱን ከማንሣታችሁ በፊት እሱ ያፍን የነበረው ማን እንደሆነ ዝርዝራችሁ ላይ ፈልጉ።

ስትነቅሉ ሳያብብ ንቀሉ። እምቦጭን ከውሃው ዳር አትቆልሉት፤ ጎርፍ ይመልሰዋል፣ ቁራጩም ያቆጠቁጣል። ጫማችሁን፣ ጀልባውንና መረቡን እዚያው አጥባችሁ አድርቁ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል የካሬዎቹን ችካሎች አትንቀሉ።