ትልቋ ባስ ትከተላለች እንጂ አትነክስም፦ የጸደይ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቴክሳስ ውስጥ ፌብሩዋሪ ሲገባደድ የሐይቆቹ ውሃ መሞቅ ይጀምራል። ከዳላስ በስተምሥራቅ ያለው ሌክ ፎርክ በጀልባ ይሞላል። ከዚያ ሰሞን አንስቶ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ላርጅማውዝ ባስ የሚባሉት ዓሦች ከባድ ከባዶቹ ከጥልቁ ወደ ዳር ይመጣሉ። ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው። ሆዳቸው እንቁላል ይዟል፣ ክብደታቸውም በዓመቱ ውስጥ ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ስምንትና አሥር ኢንች የሚረዝም ማባበያ (ዓሣ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ለመወርወር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ይኸው ነገር ዘግይቶ፣ በኤፕሪልና በሜይ ነው የሚመጣው። ወንዙ እዚያ አካባቢ ከባሕር ጋር ስለሚሞላና ስለሚጎድል የውሃውን ሰዓትም ማየት ያስፈልጋል። የቀረው ተመሳሳይ ነው።

ብዙ ሰው ትልቁን ማባበያ በውድ ዋጋ ይገዛል፣ ግማሽ ቀን ይወረውራል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ያሳዝነኛል። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ማባበያው ላይ ሳይሆን የተወረወረበት ቦታ፣ የተጎተተበት ፍጥነት ወይም የታሰረበት ዘንግ ላይ ነው።

መጀመሪያ ትልቅ ማባበያ ለምን እንደሚሠራ እንይ። ባስ ምግቧን አታኝክም። አፏን በድንገት ከፍታ ውሃውን ከነዓሣው ወደ ውስጥ ትስባለች፣ ሙሉውን ትውጣለች። አፏ ሰፊ ስለሆነ የራሷን ርዝመት ሲሶ የሚያህል ዓሣ መዋጥ አያቅታትም። ሌክ ፎርክ ውስጥ ጊዛርድ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከአሥር ኢንች በላይ ያድጋል፤ ክራፒና ብሉጊልም ሞልቷል። ለትልቅ ዓሣ ትናንሽ ነገር እያሳደዱ መዋል ቆሎ አንድ በአንድ እየለቀሙ ለመጥገብ እንደመሞከር ነው። አንድ ትልቅ ጉርሻ ይሻላታል።

ይህ ማለት ግን ትልቅ ዓሣ ትንሽ ነገር አትበላም ማለት አይደለም። እስካሁን የቴክሳስ ሪከርድ የሆነችውን 18.18 ፓውንድ ባስ ባሪ ሴንት ክሌር በጃንዋሪ 1992 ሌክ ፎርክ ላይ ሲይዝ፣ በትንሽ ሕያው ዓሣ ክራፒ እያጠመደ ነበር። የትልቅ ማባበያ ጥቅሙ ትንንሾቹን ቀንሶ ትልቋን መፈለጉ ላይ ነው። ስለዚህ በቀን የምትይዙት ቁጥር ይቀንሳል። ይህን ከወዲሁ ተቀበሉት።

ችግር፦ ቀኑን ሙሉ ምንም አይነካም፣ ምንም አይታይም

ምክንያቱ ቦታ ነው። በጸደይ ዓሣው በየሳምንቱ ቦታ ይቀይራል። የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲሆን ትልቋ ገና ጥልቁ ውስጥ ናት። በ50ዎቹ ውስጥ ሲገባ ወደ መራቢያው መንገድ ትጀምራለች። 60 ሲያልፍ ወንዶቹ ዳር ላይ ጎጆ ይጠርጋሉ፣ እሷም እንቁላል ለመጣል ትወጣለች።

ትልቅ ማባበያ በጣም የሚሠራው በመካከለኛው ጊዜ ነው፤ መንገድ ላይ ሳለች። ያኔ ትበላለች። እንቁላል ስትጥል ግን ምግብ አያሳስባትም።

መንገዷ የት ነው? ከዋናው ሐይቅ ወደ ጎን በሚገባው ክንድ ውስጥ፣ ወደ ውሃው ሾልኮ የወጣ መሬት ፈልጉ። የድሮው የወንዝ መሄጃ ታጥፎ ወደ ዳር የሚጠጋበትን ፈልጉ። ሌክ ፎርክ ውሃ ሲሞላ ዛፎቹ ሳይቆረጡ የቀሩበት ሐይቅ ስለሆነ፣ ከጥልቁ ወደ ዳር ሲወጡ የመጨረሻው የቆመ ግንድ ዋጋው ብዙ ነው። ሐይቁ ሁሉ እኩል አይሞቅም፤ ከሰሜን ነፋስ የተከለለው የሰሜን ምዕራብ ዳር ፀሐይ ስለሚያገኝ ቀድሞ ይሞቃል። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ባዶ የነበረ ቦታ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓሣ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥልቀት ነው። ዓሣዋ 12 ጫማ ላይ ሆና ማባበያው ሁለት ጫማ ላይ የሚያልፍ ከሆነ፣ በተለይ ውሃው ሲደፈርስ፣ አትገናኙም። አንዳንድ ለስላሳ ስዊምቤይቶች (እንደ ዓሣ የሚዋኙ የፕላስቲክ ማባበያዎች) ላይ የመስመጥ ፍጥነት ይጻፋል። ለምሳሌ ሃድልስተን በሚባለው ስዊምቤይት ላይ 5 ወይም 12 የሚለው ቁጥር በአሥር ሴኮንድ ስንት ጫማ እንደሚሰምጥ ይናገራል። ስለዚህ ከወረወራችሁ በኋላ ቁጠሩ። ሳትቆጥሩ መጎተት በጭፍን መሥራት ነው።

ችግር፦ ከኋላ ይከተላል፣ አይነክስም

ይህ ሰውን በጣም የሚያናድድ ነው። አንድ ትልቅ ጥቁር ጀርባ ከማባበያው ኋላ ከች ይላል፣ እስከ ጀልባው ይመጣል፣ ከዚያ ዘወር ብሎ ይጠፋል። ለእኔ ግን ይህ የቀኑ ምርጥ ዜና ነው። ትልቅ ዓሣ የት እንዳለ ነግሯችኋልና። ትንሽ ማባበያ ይህን አያሳያችሁም።

የመጀመሪያው ምክንያት ፍጥነት ነው። ማባበያው አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ ሲሄድ ዓሣዋ በደንብ ለማየት ጊዜ ታገኛለች። ካየች ደግሞ ትጠራጠራለች። መፍትሄው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ግላይድ ቤይት (ግራና ቀኝ እየተንሸራተተ የሚዋኝ ጠንካራ ማባበያ) ከሆነ፣ የሪሉን፣ ማለትም የክር መጠቅለያውን፣ እጀታ ሁለት ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ግማሽ ግማሽ አዙሩና ክሩን አላሉት። ማባበያው ወደ ጎን ይወረወራል፣ አንዳንዴም ፊቱን ወደ ተከታዩ ያዞራል። የሸሸ ነገር ድንገት ፊት ለፊት ሲመጣባት ሳታስብ ትነክሳለች።

ይህን የምታደርጉት ዓሣዋን ካያችሁ በኋላ ብቻ አይሁን። ስታዩዋት እሷም ጀልባውን ለማየት ተቃርባለች። ከወረወራችሁ በኋላ ማባበያው ግንዱ ጋ፣ ሣሩ ጠርዝ ጋ፣ ወይም መሬቱ በሚያዘቀዝቅበት ቦታ ሲደርስ፣ ዓሣ ታየም አልታየም ለውጡን አድርጉ። ብዙው ንክሻ የሚመጣው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ማቆም ነው። ብዙ ሰው ዓሣዋን ሲያይ ደንግጦ ማዞሩን ያቆማል። የሚሸሽ ዓሣ ጠላቱ ሲደርስበት አይቆምም። አፍጥኑት። ካፈጠናችሁ በኋላ ግን አንዴ ለአፍታ ቀጥ ብታደርጉት ጥሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ጠፍቶ፣ ውሃው መስታወት ሲሆን፣ የተቀባ ፕላስቲክ መሆኑ ይታወቃል። ቦታውን በጂፒኤስ ምልክት አድርጉና ተዉት። ደመና ሲመጣ፣ ነፋስ ውሃውን ሲያንቀጠቅጠው፣ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ። ስትመለሱም ከሌላ አቅጣጫ ወርውሩ። ከጥልቁ ወደ ዳር ወርውራችሁ ከነበረ አሁን ከዳሩ ጋር ትይዩ አድርጉት። ርቀቱንም ጨምሩ፤ ጀልባው በራቀ ቁጥር ይሻላል። ፖላራይዝድ መነጽር ለዚህ ሥራ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ግማሹን ተከታይ አታዩትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እምቢ ካለች፣ ክብደት ያልታሰረበት ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ቀስ ብሎ እንዲወርድላት ላኩት። ሁለተኛ ዘንግ በዚህ ትል ተዘጋጅቶ እግራችሁ ሥር ይቀመጥ። በትልቁ ማባበያ ፈልጎ በትንሹ መያዝ ምንም ነውር የለውም።

ችግር፦ ነከሰች፣ ግን አመለጠች

መጀመሪያ መንጠቆውን እዩ። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ጎተት አድርጉት። ከተንሸራተተ ደንዝዟል፣ ቀይሩት። ስትቀይሩ ግን ተመሳሳይ መጠንና ክብደት ይሁን፤ ከባድ መንጠቆ የግላይድ ቤይትን አዋኛኘት ያበላሻል።

ቀጥሎ ዘንጉ። ድርቅ ያለ ዘንግና የማይለጠጥ ብሬድ ክር አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ባለ ሦስት ጥርሱን መንጠቆ ከአፏ ቀዳችሁ ታወጡታላችሁ። ስምንት ጫማ ገደማ የሚረዝም፣ ጉልበት ያለው ግን ከመካከሉ የሚታጠፍ ዘንግ ፈልጉ። ከ20 እስከ 25 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርበን ወይም ሞኖ የሚባል ያልተሸረበ ክር እሰሩበት።

ስትነክስ ወደ ሰማይ አትመንጭቁ። ሪሉን ማዞር ቀጥሉ፣ ክብደቷ ሲሰማችሁ ዘንጉን ወደ ጎን ጠረግ አድርጉት። ከዚያ ጫፉን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ትልቅ ማባበያ ራሱ ከባድ ነው፤ ዓሣዋ ከውሃ በላይ ዘልላ ራሷን ስትነቀንቅ ክብደቱ መንጠቆውን ይነቅለዋል። እንዳትዘል ማድረግ፣ ክሩም ለአፍታ እንኳ እንዳይላላ ማድረግ ነው መላው።

መንጠቆው ጀርባው ላይ ብቻ የሆነ ለስላሳ ስዊምቤይት ከሆነና ንክሻው እየመጣ ዓሣው ካልተያዘ፣ ከሆዱ ሥር አንድ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ጨምሩ። ግንድ የበዛበት ቦታ ላይ ግን ይህ ደጋግሞ ያጣብቃችኋል። የማባበያ ማላቀቂያ፣ ማለትም በገመድ የታሰረ ከባድ ብረት፣ ጀልባው ላይ ይኑር። የአንዱን ማባበያ ዋጋ ካሰባችሁት ወጪውን ወዲያው ይመልሳል።

ችግር፦ ማባበያው ያጋድላል ወይም ወደ አንድ ጎን ብቻ ይሄዳል

ለስላሳው ከሆነ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ቆይቷል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ በእጅ አቃኑት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሲገዛ በመጣበት ቅርጽ ያለው ማሸጊያ ውስጥ አስቀምጡት። ለስላሳው ፕላስቲክ፣ ቀለም በተቀባ ጠንካራ ማባበያ ላይ ተጋድሞ ካደረ ቀለሙን ያቀልጠዋል።

ጠንካራው ከሆነ ቋጠሮውን እዩ። ቋጠሮው በአፍንጫው ቀለበት አንድ ጎን ከተንሸራተተ ማባበያው ወደዚያ ይስባል። ጠንካራ ማያያዣ ስናፕ ይህን ይፈታዋል። የክሩ ዓይነትም ይለያል፤ ፍሎሮካርበን ስለሚሰምጥ አፍንጫውን ወደ ታች ይስባል፣ ሞኖ ደግሞ ወደ ላይ ያነሣዋል።

ችግር፦ ሲወረወር ክሩ ይተበተባል ወይም ይበጠሳል

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን የክብደት መጠን አንብቡ። ሁለት ኦውንስ ድረስ በተሠራ ዘንግ አምስት ኦውንስ አይወረወርም። አወራወሩም እንደ ትንሹ ማባበያ የእጅ አንጓ ሥራ አይደለም። በሁለት እጅ፣ ቀስ ብሎ ከኋላ ጀምሮ፣ በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ ነው። ሪሉ ላይ ፍሬኑን ጨምሩ። ማባበያው ውሃ ሊነካ ሲል አውራ ጣታችሁ ክሩ ላይ ይረፍ። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጫማዎች በጣት ዳስሱ፤ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

ችግር፦ ትንንሾቹ ብቻ ይያዛሉ፣ ወይም ትናንት የነበረው ዛሬ ጠፋ

ዳር ላይ የምትይዟቸው ሁሉ ሁለት ፓውንድ የማይሞሉ ከሆነ፣ ጎጆ የሚጠብቁ ወንዶች ናቸው። ትልቋ አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ ወደ ጥልቁ ወረድ ብላ ትጠብቃለች። ጀልባውን ወደ ኋላ አውጡና እዚያ ወርውሩ።

ቀዝቃዛ የሰሜን ነፋስ በሌሊት ገብቶ ከሆነ ደግሞ ዓሣው ብዙ አልራቀም። በቅርብ ወዳለው ጥልቅ ጠርዝ ተመልሷል፣ ወይም ግንድ ሥር ተለጥፏል። ግላይድ ቤይቱን አስቀምጡ። ለስላሳውን ስዊምቤይት መሬት እስኪነካ አስምጣችሁ፣ ትዕግሥት እስኪያልቅ ድረስ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት።

ከተያዘች በኋላ

ይህን ችላ የሚል ሰው ያስከፋኛል። ሆዷ እንቁላል የያዘን ከባድ ዓሣ በታችኛው መንጋጋዋ ብቻ አንጠልጥሎ ፎቶ መነሣት መንጋጋዋን ሊጎዳ ይችላል። እጃችሁን አርጥቡ፣ ሌላው እጅ ከሆዷ ሥር ይግባ፣ አግድም ያዟት። ረጅም ፒንሳ ከመወርወራችሁ በፊት ቅርብ ይሁን። ያን ሁሉ መንጠቆ በጣት ማውጣት ለእናንተም አደጋ ነው።

ሌክ ፎርክ ላይ ከ16 እስከ 24 ኢንች መካከል ያለ ባስ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ከ24 በላይ በቀን አንድ ብቻ ይፈቀዳል። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት የቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍን (የግዛቱን የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት) ገጽ እዩ፤ ፈቃዳችሁም አብሯችሁ ይሁን። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ 13 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ የምትመዝን ከያዛችሁ፣ አየር በሚገባበት የጀልባው ገንዳ ውስጥ አስገቧትና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሼርላንከር ፕሮግራም ደውሉ። ለማራቢያ ይወስዷታል። ቁጥራቸውን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።