አባቱ ፊንላንዳዊ ለሆነ የወሎ ልጅ፦ ዜግነትን ከወረቀት ማውጣት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ውክልና ስተረጉም ነው የምውለው። የፊንላንድን ነገር ግን ያስተማረኝ ሥራዬ ሳይሆን የእህቴ ልጅ ነው። አባቱ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ወሎ የመጣ ፊንላንዳዊ ነበር። ከእህቴ ጋር ደሴ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ተጋቡ፤ ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው አባትየው አረፈ፤ ልጁም ሐይቅ እናቴ ዘንድ አደገ። በ2018 ጥቅምት ወር ላይ ቢሮዬ መጥቶ “እትዬ፣ እኔ የአባቴ አገር ዜጋ ነኝ ወይስ አይደለሁም?” ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን እነሆ፤ የሚጠቅመው ሰው እንዳለ አውቃለሁና።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ በተወለዳችሁባት ቀን እናታችሁ ወይም አባታችሁ የፊንላንድ ዜጋ ነበሩ? እናት ፊንላንዳዊት ከሆነች ልጇ የትም ይወለድ የት ከልደቱ ጀምሮ የፊንላንድ ዜጋ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ቀን ልብ በሉ፦ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1984፣ በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1976። ከዚያ በፊት የውጭ ዜጋ ያገባች ፊንላንዳዊት ዜግነቷን እንዲሁ ለልጇ አታወርስም ነበር። ስለዚህ የእናቱን ፊንላንዳዊነት ይዞ የሚመጣ ትልቅ ሰው መጀመሪያ የተወለደበትን ቀን ከዚያች ቀን ጋር ያስተያየው።

አባት ፊንላንዳዊ ከሆነና ልጁ ሲወለድ ከእናቲቱ ጋር በሕግ ተጋብተው ከነበረ ልጁ እንዲሁ ከልደቱ ዜጋ ነው። ያልተጋቡ ከሆኑና ልጁ ከፊንላንድ ውጭ ከተወለደ ግን ዜግነቱ በራሱ አይመጣም። አባትነቱ በሕግ መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም ሚግሪ ለሚባለው የፊንላንድ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የዜግነት ማሳወቂያ ይቀርባል። ልጁ 18 ሳይሞላው ወላጆቹ ቢጋቡ ደግሞ በጋብቻቸው ምክንያት ዜግነቱን ያገኛል። ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ አባትየው በሕይወት እያለና እጁ ሲፈርም አባትነቱን አስመዝግቡ። ከሞተ በኋላ የሚደረገው ክርክር ምን ያህል እንደሚያደክም በዓይኔ አይቻለሁ።

አያቱ ብቻ ፊንላንዳዊ የሆነ ሰው ዜግነት በዘር አያገኝም። ይህን ስነግራቸው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ ይሁንና ሌላ በር አለላቸው። ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ አንዱ በትውልዱ የፊንላንድ ዜጋ ከሆነ ወይም ከነበረ፣ በዚያ ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ከአያት ወዲያ ከሄደ ግን አይሠራም። በፈቃዱ ገብቶ የሚኖር ሰው ከጊዜ በኋላ እንደማንኛውም ነዋሪ ዜግነት ያመለክታል፤ የሚጠበቀው የነዋሪነት ዘመን ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በመደበኛው ከ5 ወደ 8 ዓመት አድጓል፤ የፊንላንድኛ ወይም የስዊድንኛ ችሎታም ይጠየቃል። “የዘር ዜግነት በሦስት ወር አወጣልሃለሁ” የሚል ደላላ ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የወሎ ልጅ በደላላ ቃል በረሃ ገብቶ የቀረው ይበቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ለእህቴ ልጅ ሁሉንም ነገር የያዘው የወላጆቹ የጋብቻ ወረቀት ነበር። በ2014ቱ ጦርነት ስንቱ ቤትና ስንቱ ቢሮ መዝገቡ እንደተበታተነ የደሴና የሐይቅ ሰው ያውቃል። እናቴ ከቤቷ ስትወጣ እህልም ልብስም አልያዘችም፤ በላስቲክ የተጠቀለለ የወረቀት ጥቅል በጉያዋ አድርጋ ነው የወጣችው። ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ ስፈታው የጋብቻው ወረቀት፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ የአባትየው አሮጌ ፓስፖርት ቅጂና አንድ የተቀደደ የደመወዝ ወረቀት አገኘሁ። ሦስቱን ወዲያው አወቅኋቸው። የደመወዙን ወረቀት ልጥለው ነበር፤ ከጥግ ላይ አንድ ቁጥር ባላይ።

ቁጥሩ 11 ምልክት አለው። መጀመሪያ ስድስት አኃዝ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ አራት ምልክቶች። ስድስቱ የተወለደበት ቀን፣ ወርና ዓመት ናቸው። በ1900ዎቹ ለተወለደ ሰው መካከሉ ላይ የሚገባው ይህ ጭረት ነው። ይህ የፊንላንድ ሰው የግል መለያ ቁጥር ነው፤ የሕዝብ መዝገቡ ሰውን የሚፈልገው በዚህ ነው። ስለዚህ የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ማንኛውንም አሮጌ ወረቀት፣ የሆስፒታልም ይሁን የባንክ፣ ሳታገላብጡ አትጣሉ። መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት በአጭሩ ዲቪቪ ይባላል፤ የዲጂታልና የሕዝብ መረጃ ኤጀንሲ ማለት ነው። ቁጥሩ ካላችሁ የወላጃችሁን የዜግነትና የቤተሰብ ማስረጃ ለማግኘት ቀላል ነው፤ ማስረጃውን እነሱ ቪርካቶዲስቱስ ይሉታል። ቁጥሩ ከሌለ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የትውልድ ከተማ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ አያቱን የሚፈልግ ሰው ሥራው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ነው። የሉተራን አጥቢያዎች ልደቱን፣ ጋብቻውን፣ ሞቱን፣ ከአገር መውጣቱን ሳይቀር ለዘመናት ጽፈዋል፤ አብዛኛው አሮጌ መዝገብም በብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው በኩል በኢንተርኔት ይታያል። የድሮው ጽሑፍ በስዊድንኛ ስለሆነ አትደንግጡ። ስሙም ሊለያይ ይችላል፤ በ1906 ብዙ ቤተሰብ የስዊድን ስሙን ትቶ የፊንላንድኛ ስም ወስዷልና። ከዚያ በፊት ደግሞ ብዙው ሰው እንደኛው በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው፤ “ማቲንፖይካ” ማለት የማቲ ልጅ ማለት ነው። ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው ያለው በ1920 የወጣው ሕግ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የእኛን የስም ሥርዓት ለእነሱ ማስረዳት እንደማይከብድ ተስፋ ሰጠኝ።

ምክንያቱም ስም ላይ የእኛ ወረቀት ትልቅ ችግር አለበት። በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የአባት ስም በሚለው ቦታ የአባቱ የመጀመሪያ ስም፣ የአያት ስም በሚለው ቦታ ደግሞ የአባቱ የቤተሰብ ስም ገብቷል። አያቱ ግን በዚያ ስም አይጠሩም ነበር፤ የቀበሌው ጸሐፊ ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ስም አይቶ ሁለተኛውን የአያት አድርጎታል። ፊንላንድ ያለው መዝጋቢ ይህን ሲያይ ሌላ ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ በግማሽ ገጽ እንዲህ ብዬ የማብራሪያ ደብዳቤ ጻፍኩ፦ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፣ ልጅ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል፣ በዚህ ሰነድ ሦስተኛው ስም የአባትየው የቤተሰብ ስም ነው። ተመሳሳይ ወረቀት ያላችሁ ይህን ደብዳቤ አትዝለሉት። በእናት በኩል ያለውንም ስም አስተያዩ። ወሎ ውስጥ አንዱ ሰው በአንዱ ወረቀት “ሙሐመድ”፣ በሌላው “መሐመድ” ነው፤ “ሰይድ” በላቲን ሲጻፍ ሦስት መልክ አለው። አንዱን መልክ መርጣችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ አድርጉት።

ከስሙ ይልቅ ሊያጠፋን የነበረው ግን ቀኑ ነው።

የፊንላንድ ሕግ እንዲህ ይላል፦ የሌላ አገር ዜግነትም ያለው ፊንላንዳዊ ከአገሪቱ ጋር በቂ ግንኙነት ከሌለው 22 ዓመት ሲሞላው የፊንላንድ ዜግነቱን ያጣል። በፊንላንድ ወይም በሌላ የኖርዲክ አገር በድምሩ 7 ዓመት የኖረ በቂ ግንኙነት አለው ይባላል። የእኛ ልጅ አንድ ቀንም አልኖረም። ለእንደሱ ያለው የቀረው መንገድ ቀላል ነው፦ ከ18 እስከ 22 ባለው ዕድሜ የፊንላንድ ፓስፖርት ማመልከት፣ ወይም ዜግነቴን ማቆየት እፈልጋለሁ ብሎ ለኤምባሲው፣ ለሚግሪ ወይም ለዲቪቪ በጽሑፍ ማሳወቅ።

የልደት ወረቀቱን እንግሊዝኛ በኩል ገልብጬ ሳየው ጃንዋሪ 5 ቀን 2003 ይላል። 22 ዓመት የሞላው አሥር ወር ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው። ልጁ ፊቴን አይቶ “አለቀ አይደል?” አለኝ። መልስ ሳልሰጠው የክትባት ካርዱን አነሳሁ። በሰማያዊ ቢክ፣ በነርስ እጅ፣ “ታኅሣሥ 27/96” ተብሎ ተጽፏል። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፤ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካደረጉ በኋላ 8 ነው። ጸሐፊው ለታኅሣሥ 27 የደመረው 7 ነው። ዓመቱ 2004 መሆን ነበረበት። ቀኑም ተሳስቷል፤ የ1995 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ1996 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ስለዚህ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ልጁ የተወለደው ጃንዋሪ 6 ቀን 2004 ነው። 22 የሚሞላው ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 ነው። ሁለት ወር ተርፎናል! ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጥለን ተቃቀፍን።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ወረቀት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ በቃል የተሞላ ነው። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ይዛችሁ እርማት ጠይቁ፤ ማመልከቻው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። የታረመው ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፤ ፊንላንዶቹ ከራሳቸው ሁለት ቋንቋዎች ሌላ እንግሊዝኛም ይቀበላሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ኤምባሲውም የራሱን ማረጋገጫ ያኖርበታል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ዋናውንና ሦስት ሦስት ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። አንዱ ወረቀት ጎድሎ ከደብረ ብርሃን መመለስ ምን እንደሆነ አይቸዋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቤተሰብ ተቀምጦ ይምከርበት። ፊንላንድ ከጁን 1 ቀን 2003 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። በወላጁ ምክንያት ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቴን መርጫለሁ ካላለ እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የሚኖረው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫው ካርድ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። እናቴ ቡናው አቦል ላይ ሳለ ይህን ሰምታ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ “ሐይቅ መምጣት አይከለክሉትም?” አለች። አይከለክሉትም አልኳት። “እንግዲያው የአባቱን ይያዝ” አለች።

22 ዓመት ያለፋችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በዚያ ምክንያት ዜግነቱን ያጣ ሰው የቀድሞ ዜጋ ይባላል፤ የቀድሞ ዜጋም በማሳወቂያ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ዜጋ መሆናችሁ ራሱ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ የዜግነት ሁኔታዬ ይወሰንልኝ የሚል ማመልከቻ ለሚግሪ ይቀርባል። ክፍያ አለው፤ ከመላካችሁ በፊት የወቅቱን ዋጋ ከራሱ ከሚግሪ ገጽ እዩ።

የልጁን ማሳወቂያ የጻፍኩት በአራት መስመር ነው፦ ሙሉ ስሙ፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ የአባቱ ስምና የመለያ ቁጥር፣ ከዚያም “የፊንላንድ ዜግነቴን ማቆየት እፈልጋለሁ።” ከሥሩ ቀንና ፊርማ። በሁለት ቅጂ አተምኩት። አንዱ ለኤምባሲው፤ ሁለተኛው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስመትቶ እንዲመጣ ነገርኩት። ያ ቅጂ አሁን በላስቲክ ተጠቅልሎ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከጋብቻው ወረቀት ላይ ተቀምጧል።