የሮቶ ውሃ እያደረ ሲጎድል፦ ፍሳሹን ማግኘትና የፒፒአር መስመር መጠገን

ሮቶው ማታ ሞልቶ ጠዋት ከጎደለ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ውሃው የሄደው ከአራት ቦታ በአንዱ ነው፦ ከሮቶው መውጫ፣ ከፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቱቦ) መገጣጠሚያ፣ ከሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ፣ ወይም ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር። አራተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ደሴ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ከተማው ከጦሳ ስር ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው የተቀመጠው። ውሃ 10 ሜትር ቁልቁል በወረደ ቁጥር ግፊቱ 1 ባር ያህል ይጨምራል። ከላይኛው ሰፈር 40 ሜትር ዝቅ ያለ ቤት፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ቧንቧ ሲዘጋ፣ 4 ባር ትርፍ ግፊት ይሸከማል። ቀን ደረቅ የነበረ መገጣጠሚያ ሌሊት የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍሳሽ ሲፈልጉ ሌሊቱንም ይቁጠሩት።

ፍለጋው ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ይዝጉ፣ ከሮቶው ስር ያለውን ጌት ቫልቭ ይዝጉ፣ የውሃውን ልክ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በማርከር ያስምሩ። ወርዱ 1 ሜትር ከ10 የሆነ ሮቶ 1 ሴንቲ ሜትር ጎደለ ማለት 9 ሊትር ተኩል ሄደ ማለት ነው። ቫልቩ ተዘግቶም ከጎደለ ችግሩ ሮቶው ወይም መውጫው ላይ ነው። ካልጎደለ በማግስቱ ማታ ቫልቩን ከፍተው ይድገሙት፤ አሁን ከጎደለ መስመሩ፣ ሽንት ቤቱ ወይም ወደ መንገዱ የሚመለሰው ውሃ ነው። የመንገዱ ውሃ ሲመጣ ደግሞ የቆጣሪውን ትንሽ ቀይ ምልክት ይመልከቱ፤ ሮቶው ሞልቶ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እያለ የምትዞር ከሆነ ፍሳሹ ከቆጣሪው ወዲህ ነው። ለሽንት ቤቱ የቀይ ስር ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጨምሩ፤ ሳይለቁት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳህኑ ከቀላ የታችኛው ጎሚኒ አርጅቷል፣ ይቀይሩት።

የሚመለሰው ውሃ እንዲህ ነው የሚመጣው። ሲገጠም የሮቶው መውጫና የመንገዱ መስመር በአንድ ቲ (ሦስት አፍ ባለው መገጣጠሚያ) ይገናኛሉ፤ የመንገዱ ውሃ ሲኖር ቤቱን በቀጥታ እንዲያጠጣ። ፈረቃው ሲያልፍ ግን መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ የሮቶው ውሃም በዚያው ቲ ቁልቁል ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። መድኃኒቱ ከቲው በፊት በቆጣሪው በኩል ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) መግጠም ነው፣ ቀስቱ ከቆጣሪ ወደ ቤት እያመለከተ። ሁለተኛ ቼክ ቫልቭ በሮቶው መውጫ ላይ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመንገዱ ግፊት በመውጫው ሽቅብ ገብቶ፣ ፍሎተሩ (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) ሳያውቀው፣ ሮቶውን ያስተፋዋል። እዚህኛው ላይ ስፕሪንግ ያለውን አይግዙ። ከቧንቧዎ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያ ላይ ስፕሪንጉ ድርሻውን ይወስዳል። በሳንቃ የምትከፈተውን ይግዙ፤ እሷ ደግሞ ውሃ ቁልቁል በሚወርድበት ቁም ቱቦ ላይ አትሠራም፣ አግድም በተኛው ላይ ይግጠሟት።

አሁን ወደ ብየዳው። መስመር ላይ የተሰነጠቀን ቱቦ በከመነዳሪ አስሮ ማሳደር ለአንድ ሌሊት ያገለግላል፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ማጣበቂያም በፒፒአር ላይ አይይዝም። መቁረጥና መበየድ ግድ ነው።

ሥራውን ፈረቃው ባለፈበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ያድርጉ። የመጠጥና የማብሰያ ውሃ አስቀድመው በጀሪካን ይቅዱ። ቫልቮቹን ዘግተው የመጨረሻውን ታችኛ ቧንቧ ይክፈቱና መስመሩ ይፍሰስ። መስመሩ ፈጽሞ ባዶ ይሆናል ብለው ግን አይመኑ፤ ቫልቩ አሮጌ ከሆነ ጠብ ማለቱን አያቆምም፣ ብየዳን የሚያበላሸውም ያቺ ጠብታ ናት። ውሃ የነካው ፒፒአር ሲግል እንፋሎቱ በቀለጠው መሀል ገብቶ ቀዳዳ ይሠራል፤ ከውጭ ያማረ፣ ከሁለት ወር በኋላ የሚያላብ መገጣጠሚያ ይሆናል። ጠብታው ካልቆመ የዳቦ ልብ ያለ ቅርፊቱ ጠቅልለው ወደ ቱቦው አንድ ስንዝር ያህል ይግፉት። ለጥቂት ደቂቃ ውሃውን ይይዛል፣ በኋላ ይሟሟል። ጫፉን በደረቅ ጨርቅ ከውስጥም ከውጭም ያድርቁ።

የተጎዳውን ክፍል በፒፒአር መቀስ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፤ በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ፍርፋሪው ማጣሪያ ይደፍናል። ከዚያ ቱቦው ላይ የሚገባበትን ልክ በእርሳስ ያስምሩ፦ ለ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ 14፣ ለ25 16፣ ለ32 18 ሚሊ ሜትር። ይህን መስመር የሚዘሉ ሰዎች ቱቦውን እስከ ጥግ ይገፉታል፤ የቀለጠው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የውሃውን መንገድ ያጠበዋል። ሮቶ ባለበት ቤት ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ሻወሩ ወዲያው ይደክማል።

የብየዳው ማሽን 260 ዲግሪ ላይ ይሁን። ኃይሉ ደካማ ሲሆን ለመጋል ይዘገያል፤ መብራቷ መድረሱን ሳታሳይ አይጀምሩ። ቱቦውንና መገጣጠሚያውን እኩል ወደ ማሽኑ ያስገቡ። ቆጠራው የሚጀምረው ሁለቱም እስከ ልካቸው ከገቡ በኋላ ነው፦ ለ20 5 ሰከንድ፣ ለ25 7፣ ለ32 8። የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜውን በግማሽ ይጨምሩ። ከማሽኑ አውጥተው በ4 ሰከንድ ውስጥ (32ቱን በ6) ቀጥ አድርገው ይግፉ፣ አያዙሩ። ማዞር የቀለጠውን ይቀደዋል። ለ20ና ለ25 2 ደቂቃ፣ ለ32 4 ደቂቃ ሳይነካ ይቀዝቅዝ። ጥሩ ብየዳ ዙሪያውን እኩል የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ቀለበቶች ያሳያል፣ አንዱ በቱቦው አንዱ በመገጣጠሚያው በኩል። ቀለበቱ በአንድ ጎን ወፍሮ በሌላው ከጠፋ ጠማማ ሆኖ ገብቷል፤ ይቁረጡና ይድገሙት። ማሽኑ ላይ የተጣበቀውን ፕላስቲክ በቢላ አይፋቁ፤ ትኩስ እያለ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጫፍ ነው። በተተካው ቁራጭ አንዱን ጎን መበየድ ቀላል ነው። ሌላኛውን ለማስገባት ግን ከግድግዳው የወጣው ቱቦ ቢያንስ የሚገባበትን ልክ ያህል (ለ25 16 ሚሊ ሜትር) መራቅ አለበት፤ በሲሚንቶ የተያዘ ቱቦ አይርቅም። ወይ ግድግዳውን በሁለቱም ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈልፍለው ቱቦው እንዲጎብጥ ያድርጉ፣ ወይ የመጨረሻውን ጫፍ በዩኒየን (በዳዶ የሚፈታና የሚገጠም ማገናኛ) ያገናኙ። ዩኒየኑ ግን ግድግዳ ውስጥ አይቀበር፤ ጎሚኒው አንድ ቀን ይቀየራል።

የሮቶው መውጫ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሮቶው ውስጥ ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ ዳዶውን ያጠብቃል። ጎሚኒው በውስጥ በኩል፣ ሮቶው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ። ዳዶውን በእጅ አጥብቀው በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ጎሚኒውን ያስወጣዋል። ቱቦው ክብደቱን በመውጫው ላይ እንዳይጥል በማሰሪያ ይያዝ። ብረት ከፕላስቲክ በሚገናኝበት ጥርስ ላይ ቴፍሎን እንጂ ቃጫ አይጠቅልሉ፤ ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ጥርሱ በውስጥ ያለውን (ሴቷን) ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። ቴፍሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ከ8 እስከ 12 ዙር።

ከመጨረሻው ብየዳ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ውሃ ይልቀቁ። የቧንቧዎችን ማጣሪያ አውልቀው ታችኛውን መጀመሪያ፣ ቀጥለው ላይኛውን ይክፈቱ፤ ዳቦውም አየሩም በዚያ ይወጣል። ውሃው እየተነፋ ከቆመ ቱቦው ሽቅብ ወጥቶ በሚወርድበት ጉብታ ላይ አየር ታስሯል፤ የመንገዱ ውሃ በመጣ ጊዜ ከታችኛው ቧንቧ በጎማ ወደ ላይ ይግፉት፣ የሮቶው መውጫ ቼክ ቫልቭ ካለው ጉብታው አጠገብ ባለ ዩኒየን ይልቀቁት። ለፀሐይ የተጋለጠ ፒፒአር ይነጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰበራል፤ ጣሪያ ላይ ያለውን ይሸፍኑት። ግድግዳውን ግን ገና አይለስኑ። የማርከሩን መስመር እንደገና ያስምሩ፣ አንድ ሌሊት የመንገዱ ውሃ እያለ፣ አንድ ሌሊት ሮቶው ብቻውን ይደር፤ ብየዳዎቹን በደረቅ ወረቀት ዳብሰው ወረቀቱ ካልራሰ ያኔ ይለስኑ።