ዝርዝር ሳንቲም ውስጥ ብልሽት ስትፈልጉ እነዚህን አትሳሳቱ

አሜሪካ ያለን ሰዎች መቼም ፓርኪንግ የሚሰራውም ጋዝ ስቴሽን የሚሰራውም እጁ ላይ ሳንቲም አይጠፋም፣ ቲክቶክ ደሞ “ይቺ ፔኒ ካለችህ ሚሊየነር ነህ” እያለ በአንድ ሴንቷ ሳንቲም ሰዉን አሳብዶታል። ተበላሽቶ የታተመ ሳንቲም ዋጋ ማውጣቱ ውሸት አይደለም፣ ግን እዚ ጋር ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

አንደኛ፣ የተጎዳውን ከተበላሸው አለመለየት። ሳንቲም የሚሰራው ጠፍጣፋው ብረት ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት ዳዮች መሃል ገብቶ ሲመታ ነው፣ እና ብልሽት የሚባለው እዛው ፋብሪካ ውስጥ የተፈጠረ ብቻ ነው። መኪና የረገጠው፣ አስፋልት የፋቀው፣ ልጅ በመዶሻ የደበደበው አይቆጠርም። በጣም የሚያታልለው ሎንደሪ ድራየር ውስጥ ተሰንቅሮ ብዙ ጊዜ ሲንከባለል የኖረው ነው፣ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ወፍሮ ወደ ውስጥ ይገባና ፊደሎቹን ይጋፋቸዋል፣ አንድ ላይ ስታዩት እውነትም ከፋብሪካ እንደዛ የወጣ ነው የሚመስለው፣ ግን የሃምሳ ሳንቲም ዋጋ የለውም። ከ1982 ወዲህ ያለው ፔኒ ደሞ ውስጡ ዚንክ ነው፣ መዳቡ ላዩ ላይ ያለች ስስ ነገር ናት፣ ስለዚ ከስሯ አየር ሲይዝ የዓመቱ ቁጥር ላይ ጉብ ጉብ ትላለች። “ቁጥሩ ላይ ሌላ ቁጥር አለ” ብለው የሚልኩልኝ ፎቶ አብዛኛው እሷ ናት።

ሁለተኛው ድርብ ነገር ያዩ ሁሉ መደንገጥ። ዝነኛው የ1955 ፔኒ ከሺ ዶላር በላይ የሚሸጠው ዳዩ ራሱ ሲሰራ ምስሉ ሁለቴ ስላረፈበት ነው፣ ዓመተ ምህረቱም ጽሁፉም ያለ ማጉያ ድርብ ሆኖ ይታያል። እኛ እጅ የሚገባው ግን በብዛት ሲመታ ዳዩ ላልቶ ትንሽ ስለተንሸራተተ የመጣ ነው። በማጉያ እዩት፣ እውነተኛው ላይ ሁለቱም ምስል ከፍ ያለና ክብ ያለ ነው፣ ፊደሉም ወፈር ይላል፣ የውሸቱ ላይ ሁለተኛው ምስል ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ፊደሉን ራሱን ያቀጥነዋል። ይሄን ለመለየት አስር እጥፍ የምታጎላ ሉፕ ትበቃለች፣ ማይክሮስኮፕ ምናምን መግዛት አያስፈልግም፣ እንደውም አብዝታችሁ ባጎላችሁ ቁጥር የሌለ ነገር ማየት ትጀምራላችሁ።

ሌላው ደሞ አሰራሩ እንደዛ የሆነውን ሁሉ ስህተት ነው ማለት። የአሜሪካን ሳንቲም እንደ መጽሐፍ ገጽ ስትገለብጡት ጀርባው ተዘቅዝቆ ይመጣል፣ ለንደን ወይ ፍራንክፈርት ኖሮ የመጣ ሰው ሲያየው ጉድ አገኘሁ ይላል፣ አሰራሩ ነው። ፊላዴልፊያ የተመታ ፔኒ የተመታበትን ከተማ የሚያሳይ ፊደል የለውም፣ ከ2017ቱ በቀር መቼም ኖሮትም አያውቅ። የፕሬዚዳንቶቹ የአንድ ዶላር ሳንቲም ጠርዝ ላይ ያለው ጽሁፍ ቢገለበጥም ምንም ማለት አይደለም፣ በሌላ ማሽን ስለሚታተም እንደወደቀበት ነው የሚገባው። ጭራሽ ጽሁፍ የሌለው የ2007 ዋሽንግተን ካጋጠማችሁ ግን እንዳታጠፉት፣ እሱ እውነተኛ ብልሽት ነው። የኛ አገር 1969 ዓ.ም. ሳንቲሞችም ላይ ዓመቱ አንድ ሆኖ የአንበሳው ጢም የሚለያየው የተለያየ ቦታ ስለተመቱ ነው፣ መሰብሰቡ ደስ ይላል ግን ስህተት አይደለም።

ማጠብ! ኧረ በናታችሁ። ሎሚና አመድ ለመዳብ ድስት ነው፣ ሳንቲም ላይ ሲሆን የላዩን ይበላውና እንደ ሮዝ ያለ የማይረባ ቀለም ይሰጠዋል፣ ገዢ ደሞ ገና ሲያየው ያውቃል። ቆሻሻ ቢሆንም ተዉት፣ ጠርዙን ብቻ ያዙ። ለስላሳ የፒቪሲ ላስቲክ ውስጥም አታስቀምጡ፣ ቆይቶ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል።

ዋጋ ላይ ስንመጣ ኢቤይ ላይ ሰው የጠየቀውን አትዩ፣ ፔኒን 50 ሺ ዶላር ብሎ መለጠፍ ነጻ ነው፣ የተሸጡ የሚለውን ምረጡና እሱን እዩ። እዛ ስታዩ የ2004 የዊስኮንሲን ኳርተር (25 ሴንት)፣ የዴንቨር ፊደል ዲ ያለበት ሆኖ በቆሎው ላይ በግራ በኩል ትርፍ ቅጠል ያለው፣ በደንብ እየተሸጠ ታገኙታላችሁ፣ ያ እስካሁን ከዝርዝር ሳንቲም ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነገር ነው። ፒሲጂኤስ ወይ ኤንጂሲ የሚባሉት ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ጋ ልካችሁ ማስመርመር ደሞ ከነፖስታው ገንዘብ ይበላል፣ አምስት ዶላር ለሚያወጣ ሳንቲም አትላኩ።

ፔኒ መታተም ህዳር 2025 ላይ ስለቆመ ያላችሁ ሁሉ ይወደዳል ብላችሁ በማሰሮ አትሰብስቡ፣ በየቤቱ ቢሊዮን በቢሊዮን ተቀምጧል። መፈለግ ከፈለጋችሁ ከባንክ የ25 ዶላር ሳጥን ካገኛችሁ አውጡ፣ 2,500 ፔኒ ነው፣ አንድ ሁለት ማታ ያስይዛችኋል። የማትፈልጉትን ስትመልሱ ታዲያ ሱፐርማርኬት በር ላይ ባለው መቁጠሪያ ማሽን አታድርጉ፣ ኮሚሽን ይቆርጣል፣ አካውንት ያላችሁበት ባንክ ይወስደው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።