አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ እየተማሩ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በክፍያ መለማመድ፦ ከፋዩ ማን ነው?

ትንንሽ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ለተለማማጅ ተማሪ የሚከፍሉት በጀት የላቸውም። ገንዘቡ ያለው ኮሌጁ ጋ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «ክፍያ ያለው ኢንተርንሺፕ» እያሉ ከማሰስ በፊት የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮና ካሪየር ሴንተር (ተማሪን ሥራ በማፈላለግ የሚረዳ ክፍል) ማንኳኳት ይቀድማል። «ክፍያዬን ትምህርት ቤቴ ይሸፍናል» ብሎ የሄደ ተማሪና «ትከፍሉኛላችሁ ወይ?» ብሎ የሄደ ተማሪ የሚያገኙት መልስ የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ፌዴራል ወርክ ስተዲ፦ ተማሪ እየሠራ የሚከፈለው፣ ከደመወዙም አብዛኛውን የፌዴራል መንግሥት የሚሸፍንበት ፕሮግራም። የሚገኘው ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ በመሙላት ሲሆን፣ የቀጣዩ ዓመት ቅጽ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 ሳያልፍ ለመሙላት ክፍት ይሆናል። ቅጹ ለዜጎች ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትም ይሞላል። በዲቪ የመጡ ቤተሰቦች «እኛን አይመለከትም» ብለው የሚተዉት በከንቱ ነው። በኤፍ ዋን (የውጭ አገር ተማሪ) ቪዛ የሚማር ግን አይችልም፤ የእሱ መንገድ ታች አለ። ለየኮሌጁ የሚደርሰው ገንዘብ የተወሰነ ስለሆነ ዘግይቶ የሞላ ሰው ቢገባውም እንኳ ሊያልቅበት ይችላል።

የኮሌጁ ደብዳቤ «ወርክ ስተዲ 2,500 ዶላር» ካለ ያ ጣሪያ ነው፤ ሠርታችሁ እስክታገኙት ድረስ በእጃችሁ የለም። በሰዓት 15 ዶላር ከተከፈለ ወደ 166 ሰዓት ይሆናል፤ ለ30 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ብዙ ወላጅ ይህን ገንዘብ ከሴሚስተሩ ክፍያ ላይ ቀንሶ ያሰላና ኦገስት ላይ ሂሳቡ አልገጥም ይለዋል።

አብዛኛው ተማሪ ወርክ ስተዲ ሲባል ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ መደርደር ይመስለዋል። ሕጉ ግን ኮሌጆች ከዚህ ገንዘብ ቢያንስ 7 በመቶውን በማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራ ለተቀጠሩ ተማሪዎች ክፍያ እንዲያውሉት ያስገድዳል። ስለዚህ ቢሮው ሄዳችሁ በዚሁ ስም ጠይቁ፦ «ከግቢ ውጭ ያሉ የማኅበረሰብ አገልግሎት የወርክ ስተዲ ቦታዎች ዝርዝር»። የምትፈልጉት ድርጅት ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኮሌጁ ከድርጅቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም ይችላል። ሳምንታት ይፈጃልና ሴሚስተሩ ሳይጀምር አንሱት። የፌዴራሉ ድርሻ በተለመደው አሠራር ከደመወዙ እስከ 75 በመቶ ነው፤ ቀሪውን 25 በመቶ ድርጅቱ እንዲሸፍን ሊጠየቅ ይችላል። ትንንሽ ልጆችን ማንበብ ወይም ሒሳብ ማስጠናት ላይ ግን ፌዴራሉ እስከ 100 በመቶ መሸፈን ይችላል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች የሚያስጠኑ ድርጅቶች በር ቶሎ የሚከፈተውም ስለዚህ ነው።

አንድ ገደብ በተለይ የእኛን ሰው ይነካል። በወርክ ስተዲ ገንዘብ የአምልኮ ወይም የሃይማኖት ትምህርት ቦታን መገንባት፣ ማስተዳደርም ሆነ መጠገን አይቻልም፤ የፓርቲ ፖለቲካም እንዲሁ። የደብሩን አዳራሽ ማሳመር ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር በነጻ ይሠራ እንጂ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ የበጋ ስታይፔንድ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ክፍያ ኢንተርንሺፕ ላገኘ ተማሪ በካሪየር ሴንተራቸው በኩል ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጣሉ። ችግሩ የማመልከቻው ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ ድርጅቶቹ ተማሪ መርጠው ሳይጨርሱ ያልፋል። ጃንዋሪ ላይ ቀኑን እወቁ፤ ለድርጅቱም የምትጽፉት ያን ቀን ጠቅሳችሁ ነው። ካሪየር ሴንተሩ ከድርጅቱ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ማመልከቻ የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «በልዩ ልዩ ሥራዎች ያግዛል» የሚል ደብዳቤ አያሳምንም። የሚያሳምነው እንዲህ ያለው ነው፦ ከጁን 8 እስከ ኦገስት 14፣ በሳምንት 35 ሰዓት፣ የተከራዮችን አቤቱታ መመዝገብና የአማርኛ በራሪ ወረቀት ማዘጋጀት፣ የቅርብ ኃላፊው ስምና ስልክ፣ «ድርጅቱ ክፍያ አይሰጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር። ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ላኩላቸው፤ ሥራ የበዛበት ኃላፊ ፈርሞ ይመልሰዋል።

ከዚያ አስሉ። በሳምንት 35 ሰዓት ለ10 ሳምንት 350 ሰዓት ነው። 4,000 ዶላር ስታይፔንድ በሰዓት 11.43 ዶላር ይመጣል፤ ኪራይና ትራንስፖርት ሳይነካ። ገንዘቡ በስንት ዙር እንደሚከፈል ጠይቁ፤ የመጨረሻው ዙር ሪፖርት ካስገባችሁ በኋላ ከሆነ ጁን ላይ ኪሳችሁ ባዶ ነው። ግብር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ስለማይቆረጥም ጥቂት ለይታችሁ አስቀምጡ። ድርጅቱ «የኮሌጅ ክሬዲት ካልያዝክ አንወስድህም» (ልምምዱ እንደ ኮርስ ካልተመዘገበ ማለት ነው) ካለ ደግሞ በየክሬዲቱ የበጋ ክፍያ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ስታይፔንዱን ያ ይበላዋል።

ድርጅቱን ሳታጣሩ አትፈርሙ። ዘጠኝ አሃዝ ያለውን ኢ አይ ኤን (የግብር መለያ) ቁጥሩን ተቀብላችሁ በፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ከግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች መፈለጊያ ላይ አስገቡ። ሪፖርት የማስገባት ግዴታ ያለበት ድርጅት ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገባ ከግብር ነጻ መብቱ በራሱ ይሰረዛል። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንንሽ ማኅበራት የሚጠበቅባቸው አጭር ኤሌክትሮኒክ ቅጽ ብቻ ቢሆንም፣ ሊቀ መንበር በተቀያየረ ቁጥር የሚረሳው እሱ ነው። መብቱ የተሰረዘ ድርጅት ጋ ለመሥራት ኮሌጁ ገንዘብ ላይሰጣችሁ ይችላል።

አማርኛ መቻላችሁን ከማመልከቻው መጨረሻ አትቅበሩት። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አርሊንግተን የሚገኘውና በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስልን የመሳሰሉ ስደተኛ ተቀባይ ድርጅቶች፣ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችና ክሊኒኮች ቋንቋውን ይፈልጉታል። ብቻ ሳትሠለጥኑ ሐኪም ፊት እንድታስተረጉሙ ብትጠየቁ እንቢ በሉ፤ የመድኃኒት መጠን ተሳስቶ መተርጎም ሰው ይጎዳል።

በኤፍ ዋን ላላችሁ፦ ስታይፔንድ ከኮሌጁ ቢመጣም ልምምዱ እንደ ሥራ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ከመጀመራችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን ጠይቁ። መንገዱ ብዙውን ጊዜ ሲፒቲ (የትምህርቱ አካል ለሆነ ልምምድ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ) ነው፤ ልምምዱ ከምትማሩት ዘርፍ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፣ ለባችለር ተማሪ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መጨረስ ይጠይቃል፣ ፈቃዱም አይ-20ው (ኮሌጁ የሚሰጠው የቪዛ ተማሪነት ሰነድ) ላይ ታትሞ ሳይወጣ አንድ ቀንም አይሠራም። የሙሉ ሰዓት ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ በዚያው የትምህርት ደረጃ ኦፒቲ (አብዛኛውን ጊዜ ከምረቃ በኋላ በተማሩበት ዘርፍ የሚሠራበት ፈቃድ) አይፈቀድላችሁም። ለግብር ነዋሪ ያልሆናችሁ ከሆነ ደግሞ ኮሌጁ ስታይፔንዱን እንደ ስኮላርሺፕ ከቆጠረው 14 በመቶ ሊቀነስ ስለሚችል፣ በጀታችሁን ከቀሪው ጀምሩ።