የደም ጋዝ ምርመራ በአዲስ አበባ ከፍታ፦ አወሳሰዱና አነባበቡ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ የቆመ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። የአየሩ ግፊት ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በባሕር ጠለል 760 ይሆን ነበር። የደም ጋዝ መለኪያ ማሽኑ ከውጤቱ ጎን የሚያትመው ጤናማ ልክ ግን ለዚያ ለ760ው የተሠራ ነው። በሽተኛውን ከማከም በፊት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከናሙናው እንጀምር፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ነው። 3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና 23 ቁጥር መርፌ ያዙ። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ሳቡና የሲሪንጁን ውስጥ አርጥባችሁ ሙሉ በሙሉ ግፉት፤ መርፌው ውስጥ የሚቀረው ይበቃል። ሄፓሪን ሲበዛ ደሙ ይቀጥናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ባይካርቦኔቱ (አሲድን የሚያለዝበው የደም ንጥረ ነገር) በሐሰት ይወርዳሉ፤ ያልነበረ አሲዶሲስ (የደም አሲድ መብዛት) ወረቀት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ደሙ ቢያንስ 2 ሚሊ ሊትር ይሁን።

በሽተኛው እጁን ይጨብጥ፤ የእጅ አንጓው ላይ ሁለቱን ደም ቅዳዎች ተጫኑ፣ እጁን ይክፈት፣ ከዚያ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ብቻ ልቀቁ። መዳፉ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ካልቀላ ሌላ እጅ ፈልጉ። ከመውጋታችሁ በፊት «አባባ፣ ትንሽ ያምማል፤ እጅዎን አያንቀሳቅሱ፣ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ» በሉ። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፦ ፈርቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። መርፌውን በአውራ ጣት በኩል ባለው ደም ቅዳ ላይ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ አስገቡ፤ ደሙ በራሱ እየመታ ይሙላ። ከዚያ ቦታውን 5 ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የአየር አረፋ ካለ ወዲያው አስወጡ። በክፍሉ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለም ማለት ይቻላል፣ ኦክስጅኑ ደግሞ እዚህ 120 አካባቢ ነው፤ አረፋው ደሙን ወደዚያ ይጎትተዋል። ሲሪንጁን በመዳፋችሁ መሐል አንከባሉትና በ30 ደቂቃ ውስጥ ይነበብ። ወረቀቱ ላይ የሚሰጠውን ኦክስጅን መጠንና ሰዓቱን ጻፉ። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እኛ ቅጹን የምንሞላው በሀበሻ፤ አንዱን ለይታችሁ ካልጻፋችሁ ናሙናው 6 ሰዓት የቆየ ይመስላል።

ማሽኑ የሚያሳየውን የአየር ግፊትም ተመልከቱ። 760 አካባቢ ካለ አንድ ሰው ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረውን የአየር ትንበያ ቁጥር አስገብቶበታል፣ ኦክስጅኑን አትመኑት።

አሁን ንባቡ። መጀመሪያ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን አረጋግጡ፦ 24ን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አባዙና ለባይካርቦኔት አካፍሉ። ውጤቱ የሃይድሮጅን አዮን መጠን ነው፤ ለፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል) 7.40 ወደ 40፣ ለ7.30 ወደ 50፣ ለ7.20 ወደ 63፣ ለ7.10 ወደ 79 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንዱ ቁጥር ተሳስቷል።

ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፣ ከፍታም ብዙ አይለውጠውም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በአዲስ አበባ ነዋሪ ከ40 ይልቅ ወደ 35 ይጠጋል፣ ኩላሊትም ባይካርቦኔቱን ወደ 21 ያወርደዋል። ወረቀቱ ሁለቱንም «ዝቅተኛ» ብሎ ያመለክታል፤ ፒኤቹ 7.40 ከሆነ ሰውዬው ጤነኛ ነው። ኦክስጅኑን ስሉት፦ ከ575 የውሃ እንፋሎቱን 47 ቀንሱ፣ በ0.21 አባዙ፣ 111 ይመጣል። ከዚያ 35ን ለ0.8 አካፍላችሁ ስትቀንሱ ሳንባው ውስጥ 67 ይቀራል። ደሙ ውስጥ 60ዎቹ መሆኑ አያስደነግጥ።

በስኳር በሽታ የመጣ አንድ ሰው ፒኤች 7.14፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 18፣ ባይካርቦኔት 6፣ ሶዲየም 134፣ ክሎራይድ 98 ሆኖ ተገኘ እንበል። ከሶዲየሙ ክሎራይዱንና ባይካርቦኔቱን ስትቀንሱ 30 ይመጣል፤ ልኩ ከ8 እስከ 12 ነው፣ ስለዚህ ያልተለካ አሲድ አለ። ኬቶን፣ ላክቴት፣ ኩላሊት፣ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ አስቡ። ልዩነቱ ባይጨምር ኖሮ ተቅማጥን ወይም ብዙ ሳላይን መሰጠቱን ትጠይቁ ነበር። አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ከ4 በታች ለወረደበት ለእያንዳንዱ 1 ግራም በልዩነቱ ላይ 2.5 ጨምሩ፤ በተመጣጠነ ምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ላይ ይህን መርሳት አሲዱን ይደብቃል።

ቀጥሎ መተንፈሱ ይበቃል ወይ? ባይካርቦኔቱን በ1.5 አባዙ፣ 8 ደምሩ፦ 17፣ በ2 ከፍ ወይም ዝቅ። 18 ልክ ነው። ይኸው ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ 35 ቢያሳይ ግን፣ ለጤነኛ አዲስ አበቤ ምቹ የሆነው ቁጥር፣ ፒኤቹ ከ6.9 በታች ይወድቃል፦ ደክሞታል፣ የትንፋሽ እርዳታ ሳይዘገይ ይፈልጋል።

ደም ቅዳው ካልተገኘ ደም መልሱን ውሰዱ። ፒኤቹ በ0.03 ያህል ያንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ5 ያህል ይበልጣል፣ ባይካርቦኔቱ በ1 ወይም በ2። ለአሲድ ይበቃል፤ ኦክስጅኑን ግን ከጣት ላይ መለኪያው አንብቡ።